መፍቻው በማን እጅ ነው?

ቦሩ ሜዳን ለማታውቋት፣ ከደሴ በስተሰሜን ጥቂት ኪሎ ሜትር ወጣ ብላ የምትገኝ፣ ጠዋት ጠዋት ብርዷ አጥንት ድረስ የሚገባ ሜዳ ናት። ሰው ስሟን የሚያነሳው ወይ በሆስፒታሏ ነው፣ ወይ አፄ ዮሐንስ 4ኛ በግንቦት 1870 ዓ.ም በጠሩት ጉባኤ ነው። ስለ ጉባኤው የሃይማኖት ክርክር የጻፉም የተናገሩም ሞልተዋል፤ እኔ አልጨምርበትም። እኔን የሚከነክነኝ ሌላ ነገር ነው። እዚህ ሜዳ ላይ ድንኳኑን ተክሎ የነበረው ያ ሁሉ ጦር መሣሪያውን ከየት አመጣው? ሲበላሽበትስ ማን ነበር የሚጠግንለት?

ጥያቄው ለታሪክ ተማሪ ብቻ የተተወ ሊመስል ይችላል። አይደለም። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2024 የአሜሪካ መንግሥት የግል ወታደራዊ ኮንትራክተሮች ዩክሬን ውስጥ ገብተው በእርዳታ የተሰጡ መሣሪያዎችን፣ በተለይ ኤፍ-16 ተዋጊ አውሮፕላኖችንና ፓትሪዮት የተባሉትን የአየር መከላከያዎች፣ እንዲጠግኑ ፈቀደ። ሰዎቹ ከጦር ግንባሩ ርቀው ይሠራሉ ተባለ። ከዚያ በፊት ዋሽንግተን ይህን አትፈቅድም ነበር። ከባድ ጉዳት የደረሰበት መሣሪያ ተጭኖ ወደ ፖላንድና ወደሌሎች የኔቶ አገሮች ይሄዳል፣ እዚያ ይጠገናል፣ ተመልሶ ይመጣል። ቀለል ያለውን የዩክሬን መካኒኮች ውጭ ካለ ባለሙያ ጋር በቪዲዮ እየተነጋገሩ ይፈቱታል። አስቡት እስኪ፤ ኮምቦልቻ ላይ ሞተሩ የተያዘ ሲኖትራክ ለጥገና ጅቡቲ ወርዶ እስኪመለስ ድረስ ጭነቱ ምን ይሆናል? ዩክሬን ውስጥ ደግሞ ጭነቱ የሰው ሕይወት ነው።

እኔ ውሳኔውን እደግፈዋለሁ። መሣሪያ ሰጥቶ ጠጋኝ መከልከል ግማሽ ስጦታ ነው። ግን "ኮንትራክተር ይግባ" የሚለው ክርክር እዚያው ላይ ሲቆም ደስ አይለኝም። በተለይ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን፣ ይህን ፊልም ደጋግመን ያየን ሕዝቦች ስለሆንን። ኮንትራክተሩ ይግባ፤ የሚወጣበት ቀንና በእግሩ የሚተካው የአገሬው ልጅ ውሉ ላይ ሳይጻፍ ግን አይግባ ባይ ነኝ።

ኢኮኖሚክስ የተማርኩ ስለሆንኩ ከሒሳቡ ልጀምር። የአሜሪካ መንግሥት ኦዲተር የሆነው መሥሪያ ቤት ደጋግሞ እንደሚለው፣ አንድ የጦር መሣሪያ በዕድሜ ዘመኑ ከሚያስወጣው ገንዘብ 70 በመቶ ያህሉ የሚወጣው ከተገዛ በኋላ ለማንቀሳቀስና ለመጠገን ነው። እንግዲህ "በነፃ ሰጠሁህ" የሚልህ አገር 30ውን ሰጥቶህ 70ውን ለአንተ ትቶልሃል ማለት ነው። ወሎ ውስጥ ይህን ለማስረዳት ዩኒቨርሲቲ መግባት አያስፈልግም። ልጅቷ ከጅዳ ፍሪጅ ትልካለች፤ ሰፈሩ ይመርቃታል፤ በዓመቱ ኮምፕረሰሩ ይቃጠላል፤ ዕቃው ከደሴ ይታጣል፤ ፍሪጁም የበርበሬ ማስቀመጫ ይሆናል። ሆስፒታሎቻችን ውስጥም ያው ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ ጥናት በታዳጊ አገሮች ካሉ የሕክምና መሣሪያዎች 40 በመቶ ያህሉ የማይሠሩ መሆናቸውን ገምቷል። እኔ ራሴ አያቴን ይዤ በሄድኩበት አንድ ሆስፒታል (ስሙን ልተወው) "ማሽኑ አለ፣ የሚያስነሳው ሰው ነው የሌለው" ተብዬ ተመልሻለሁ።

በጦርነት ጊዜ ግን የተበላሸ ዕቃ የበርበሬ ማስቀመጫ ሆኖ አይቀርም። አንዴ ሠራዊትህን፣ ሥልጠናህን፣ ስልትህን በአንድ መሣሪያ ላይ ካሰርክ በኋላ መለዋወጫውንና ባለሙያውን የያዘው ወገን የፈለገውን ዋጋ ሊጠራብህ ይችላል። ዋጋው ሁልጊዜ ብር አይደለም። አንዳንዴ "ተደራደር" ነው፣ አንዳንዴ "አትደራደር" ነው፣ አንዳንዴም ዝም ብሎ ሻንጣን ሸክፎ መሄድ ነው።

አፍጋኒስታንን በዚህ ዓይን ተመልከቷት። የአፍጋን አየር ኃይል መካኒኮች ለብዙ ዓመት የሚያውቁት ሩሲያ ሠራሹን ሚ-17 ሄሊኮፕተር ነበር። ጥገናውን በአብዛኛው ራሳቸው ይወጡት ነበር። ከ2017 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ አሜሪካ ብላክ ሆክ በተባለው የራሷ ሄሊኮፕተር ትተካላቸው ጀመር። ብላክ ሆክ ምርጥ ዕቃ ነው፤ ችግሩ ጥገናው ከሞላ ጎደል በኮንትራክተር እጅ መሆኑ ነበር። ሚ-17ን በራሱ እጅ ይጠግን የነበረ ሰው አሁን ዳር ቆሞ መሣሪያ አቀባይ ሆነ። ለኮንትራክተሩ ኩባንያም ቢሆን የአፍጋኑን ልጅ በፍጥነት አሠልጥኖ የራሱን ገበያ የሚዘጋበት ምን ምክንያት ነበረው? ክፋት አይደለም፤ ውሉ የከፈለው ለበረረ ሄሊኮፕተር እንጂ ለሠለጠነ ሰው ስላልሆነ ነው።

በየካቲት 2012 ዓ.ም አሜሪካና ታሊባን ዶሃ ላይ ሲፈራረሙ፣ ለቀው ይወጣሉ ከተባሉት መካከል ወታደሩ ብቻ ሳይሆን ኮንትራክተሩም ነበረበት። በ2021 (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ላይ የአፍጋኒስታንን መልሶ ግንባታ የሚቆጣጠረው የአሜሪካ ልዩ ኦዲተር በግልጽ አስጠነቀቀ፤ ኮንትራክተሮቹ ከወጡ ከአየር ኃይሉ አውሮፕላኖች አንዱም ቢሆን ከጥቂት ወራት በላይ ለውጊያ ብቁ ሆኖ አይቆይም አለ። የተጻፈ፣ የታተመ ማስጠንቀቂያ ነበር። በዚያው ጸደይ አገሪቱ ውስጥ ወደ 17 ሺህ የሚጠጉ ኮንትራክተሮች ነበሩ። በክረምቱ ወጡ። የቀሩት የአፍጋን መካኒኮች በስልክና በታብሌት እየተጠየቁ ሞተር ሊፈቱ ሞከሩ። ካቡል ነሐሴ 9 ቀን 2013 ዓ.ም ወደቀች። የወደቀችው በጥገና ጉዳይ ብቻ ነው አልልም፤ ሙስናው፣ ያልተከፈለው ደመወዝ፣ የፖለቲካው መበስበስ ሁሉ አለበት። አውሮፕላኑ ካልተነሳ ግን የተከበበ ወታደር ጥይትም ዳቦም አይደርሰውም፤ ያኔ እጁን ቢሰጥ ማን ይፈርድበታል?

ኢራቅም አለች። በራሷ ገንዘብ ኤፍ-16 ገዝታ፣ ጥገናውን ለአሜሪካ ኩባንያ ሰጥታ ተቀምጣ ሳለ፣ በ2021 ባላድ የሚባለው የአየር ጣቢያ ላይ ሮኬት ሲደጋገም ኩባንያው ባለሙያዎቹን አስወጣ። ኩባንያውን አልወቅሰውም። ወታደር ቃለ መሐላ አለበት፣ ኮንትራክተር ያለበት የሥራ ውል ነው። ሮኬት ሲወድቅ ሁለቱ ወረቀቶች እኩል አይደሉም።

ወደ አገራችን ልመለስ። ከቦሩ ሜዳ ወደ ምዕራብ፣ እዚሁ ደቡብ ወሎ ውስጥ፣ መቅደላ አምባ ላይ ሴባስቶፖል ተቀምጧል። ጋፋት ላይ በአውሮፓውያን ሚሲዮናውያንና በኢትዮጵያውያን እጅ የተሠራ፣ ከደብረ ታቦር በሰው ጉልበት ተጎትቶ የመጣ መድፍ ነው። ስለ አፄ ቴዎድሮስ ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚረሳ ነገር አለ፤ ወደ እንግሊዝ ፍላድን ሲልኩት ያስጠየቁት ባለሙያና የሥራ መሣሪያ ነበር። ሰውየው እንዲያውም ባለሙያዎች አግኝቶ ነበር፤ እስረኞቹ ስላልተፈቱ ምጽዋ ላይ ታግደው ቀሩ እንጂ። ቴዎድሮስ ጥያቄው ገብቷቸዋል ባይ ነኝ። መፍቻ የሌለው ሰው መድፍ ቢሰጡት መድፉ የራሱ አይሆንም። መልሱ ላይ ግን ተሳሳቱ። ባለሙያን አስሮ ማቆየት ውል አይሆንም፤ መጨረሻውም መቅደላ ሆነ።

የጥገናውን ነገር በሌላ መንገድ ያገኙት ዮሐንስ ናቸው፤ ያኔ ገና ደጃዝማች ካሳ ይባሉ ነበር። የእንግሊዝ ጦር በ1860 ዓ.ም ከመቅደላ ሲመለስ፣ መንገድ ስላሳለፉት ጄኔራል ናፒየር መድፎችና ብዙ መቶ ጠመንጃ ከነ ጥይቱ ትቶላቸው ሄደ። ስጦታ ነው። ከዘመቻው ጋር የመጣ ጆን ኪርካም የሚባል እንግሊዛዊ ደግሞ አልመለስም ብሎ ቀረና ለካሳ ተቀጠረ፤ ወታደሩን በአውሮፓ ሥርዓት ማሠልጠን ያዘ። በዛሬ ቋንቋ ኮንትራክተር ነው። በሐምሌ 1863 ዓ.ም አድዋ አጠገብ፣ በቁጥር በእጅጉ የሚበልጣቸውን የአፄ ተክለ ጊዮርጊስን ጦር ያሸነፉት በዚሁ መሣሪያና ሥልጠና ነው፤ በጥር 1864ም ነገሡ። ስጦታና ኮንትራክተር ተጋግዘው ንጉሥ አነገሡ ብል አጋነንክ ትሉኝ ይሆናል፤ ትንሽ አጋንኛለሁ።

ኪርካም ከግብፅ ጋር በነበረው ጦርነት ዘመን ምጽዋ ላይ በግብፆች እጅ ወድቆ ሞተ። የሚገርመው፣ በግብፅ በኩልም የተሰለፉት ብዙዎቹ መኮንኖች ቅጥረኞች ነበሩ፤ ዴንማርካዊው አሬንድሩፕ ጉንደት ላይ፣ ከአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት የተረፈው ሎሪንግ ጉራዕ ላይ። ሁለቱም ተሸነፉ። በ1870 ቦሩ ሜዳ ላይ የሰፈረው የዮሐንስ ጦር የታጠቀው ሬሚንግተን ከእነዚህ ሁለት ጦርነቶች የተማረከ ነው። የማረከ ሰው ፈቃድ አይጠይቅም፤ ግን መለዋወጫም አይላክለትም። ገና ከመንገዱ የሚከነክነኝ ጥያቄ ግማሹ መልስ ይኸው ነው።

ሃያኛው ክፍለ ዘመን ላይ የተሻለ ሠርተናል፣ ይህን መናገር ያስፈልጋል። ከጣሊያን ወረራ በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ አየር ኃይሉን እንደገና ሲያቋቁሙ ስዊድናውያንን ቀጠሩ፤ መሪያቸው ካውንት ካርል ጉስታፍ ፎን ሮሰን ነበር። ስዊድኖቹ አውሮፕላን ብቻ አላመጡም፤ ቢሾፍቱ ላይ አብራሪና መካኒክ የሚወጣበት ትምህርት ቤት ሠሩ። ከ1945 ዓ.ም ስምምነት በኋላ አሜሪካ ተተካችና በሁለት አሥርት ዓመታት ከ200 ሚሊዮን ዶላር በላይ ወታደራዊ እርዳታ ሰጠች። ኤፍ-5 የመጣው በዚያ መንገድ ነው።

ከዚያ ሚያዝያ 15 ቀን 1969 መጣ። ደርግ ቃኘው ጣቢያንና የአሜሪካን ወታደራዊ አማካሪ ቡድን ዘግታችሁ ውጡ አለ። አሜሪካም መለዋወጫውን ዘጋች። ሦስት ወር ሳይሞላ የሶማሊያ ጦር ኦጋዴን ገባ። (ፎን ሮሰን የሞተው በዚያ ሐምሌ ጎዴ ላይ ነው፤ ለረሃብተኛ እህል ሊያደርስ በመጣበት።) ሠሪዋ ጀርባዋን የሰጠችው ኤፍ-5 በዚያ ጦርነት የሶማሊያን ሚግ-21 እየጣለች የአየሩን የበላይነት ወሰደች። ከእስራኤል በኩል በድብቅ ዕቃ ይገባ ነበር፤ ሞሼ ዳያን በ1970 በአደባባይ እስኪያወጡት ድረስ። ግን ዕቃ ብቻውን አውሮፕላን አያስነሳም። መፍቻውን የያዘው ቢሾፍቱና አሜሪካ የተማረው ኢትዮጵያዊ ቴክኒሺያን ነበር። አማካሪው ወጣ፣ እውቀቱ ግን ቀረ። ካቡል ላይ የሆነው የዚህ ግልባጭ ነው።

በ1991 ዓ.ም ደግሞ ወደኋላ የተመለስን ይመስለኛል። ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሳ ሱ-27 በችኮላ ከሩሲያ ተገዛ፤ ከአውሮፕላኖቹ ጋር የቀድሞ የሶቪየት ባለሙያዎች በውል መጡ። በአስመራ በኩልም በሚግ-29ዎቹ ዙሪያ ዩክሬናውያን እንደነበሩ በጊዜው በሰፊው ተዘግቧል። በአንድ ሠራዊት ውስጥ አብረው ያደጉ ሰዎች፣ የሁለት ወንድማማች ሕዝቦችን አውሮፕላን በሁለት ወገን ሲጠግኑ። ከዚህ በላይ የሚያስቅም የሚያስለቅስም ነገር አላውቅም።

"ታዲያ ጭራሽ የውጭ ሰው አይግባ፣ ሉዓላዊነታችንን እንጠብቅ" የሚል ወዳጅ አለኝ። ስሜቱ ይገባኛል፤ የሰው ወርቅ አያደምቅም። ግን በር መዝጋት በራሱ መካኒክ አይወልድም። ሜቴክን አስታውሱ። በ2002 ዓ.ም ሲቋቋም ሐሳቡ ይኸው ነበር፤ የራሳችንን በራሳችን እንሥራ። ከዚያ ስኳር ፋብሪካ፣ ከዚያ የሕዳሴ ግድብ ብረታ ብረት፣ ሁሉን ልያዝ ሲል ቆይቶ በ2011 ኃላፊዎቹ በሙስና ተከሰሱ። "የአገር ውስጥ" የሚል ታፔላ ተጠያቂነትን አይተካም።

ሌላው ጥያቄ የሕግ ነው። ጠጋኙ ቅጥረኛ ወታደር ነው ወይ? በ1977 (እ.ኤ.አ.) የጄኔቫ ተጨማሪ ፕሮቶኮል መሠረት ቅጥረኛ ለመባል በውጊያው በቀጥታ መሳተፍ ያስፈልጋል። ሃንጋር ውስጥ ሞተር የሚፈታ ሰው አይደለም። እንዲያውም የ1949ኙ 3ኛው የጄኔቫ ስምምነት ሠራዊትን ተከትለው የሚያገለግሉ የአቅርቦት ኮንትራክተሮች ቢማረኩ የጦር ምርኮኛ መብት ይሰጣቸዋል። ሃንጋሩ ራሱ ግን ሕጋዊ ዒላማ ነው፤ ውስጡ ያለው ሰው ይህን አውቆ ነው የሚገባው። መስመሩ የሚደበዝዘው ያው ሰው ቦምቡንም መጫን፣ ድሮኑንም ከስክሪን ጀርባ ሆኖ ማስነሳት ሲጀምር ነው። ያኔ እኛ ከታች ያለነው ማን እንደተኮሰብን እንኳ ለይተን የምንከስሰው አይኖርም። ባግዳድ ኒሱር አደባባይ ላይ በ2007 የብላክዋተር ጠባቂዎች 17 ሰላማዊ ሰዎች ሲገድሉ፣ የኢራቅ ፍርድ ቤት ሊነካቸው አልቻለም፤ ኮንትራክተሮች ከኢራቅ ሕግ ነፃ የሚያደርግ ትእዛዝ ነበር። አሜሪካ ውስጥ የተፈረደባቸው አራቱም በ2020 መጨረሻ በይቅርታ ወጡ። እነዚያ ጠባቂዎች ነበሩ፣ መካኒኮች አይደሉም፤ ቀዳዳው ግን አንድ ነው።

ስለዚህ ውሉ ላይ እጨቃጨቃለሁ። ክፍያው በተጠገነ ሞተር ብቻ መሆን የለበትም፤ ከፊሉ በፈተና ባለፈ የአገሬው ቴክኒሺያን ልክ ይከፈል። የጥገና መጽሐፉና የመመርመሪያ ሶፍትዌሩ ለተቀባዩ አገር ይሰጥ። ጠጋኙ ከመጠገን አልፎ እጁን ወደ ማስፈንጠሪያ ከላከ የሚዳኝበት ፍርድ ቤት ከአሁኑ ይጻፍ። ወታደራዊ ምስጢሩ ይቅር፤ ኩባንያው ማን እንደሆነ፣ ስንት ሰው እንዳለውና መቼ እንደሚወጣ ግን ቢያንስ ፓርላማው ይወቅ። "ይህን ሁሉ ብትጠይቅ ማን ይሰጥሃል?" ትሉኝ ይሆናል። ማስረጃ አለኝ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በታኅሣሥ 1938 ሲቋቋም አብራሪውም መካኒኩም ሥራ አስኪያጁም ቲደብሊውኤ ከሚባለው የአሜሪካ አየር መንገድ በውል የመጣ ነበር። አውሮፕላኖቹም ከዓለም ጦርነት የተረፉ ሲ-47 ናቸው። በኋላ በታደሰው ውል ላይ የመጨረሻው ግብ ድርጅቱ በኢትዮጵያውያን መመራት መሆኑ ተጻፈ። በ1963 ኮሎኔል ስምረት መድኃኔ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሥራ አስኪያጅ ሆኑ። ዛሬ የሌሎች አገሮች አውሮፕላኖች ለጥገና ቦሌ ይመጣሉ። ድሃ አገር ነበርን፣ ግን ጠየቅን፣ አገኘንም።

ይህን የምጽፈው ከሩቅ ሆኜ አይደለም። ጥቅምት 2014 ላይ ደሴ ስትያዝ እኛም ፍራሽ ጠቅልለን በኮምቦልቻ በኩል ወጥተን ደብረ ብርሃን ገብተናል። ኅዳር መጨረሻ ላይ ከተማዋ ተመልሳ ስንገባ መንገዱ ዳር የተቃጠለ ብረት ተሰልፎ ነበር። ደሴ ለምን እንደተያዘች የሚነግሯችሁ ብዙ ናቸው፣ እኔ አልነግራችሁም። ያን ሰሞን ግን ሰማይ ላይ ድምፅ በተሰማ ቁጥር ሁላችንም ቀና እያልን "የማን ነው?" እንል ነበር። የማን እንደሆነ ብቻ ሳይሆን ማን እንዳስነሳውም የማወቅ መብት ያለን ይመስለኛል።

ሰፈራችን ውስጥ በአሜሪካኖቹ ዘመን ደብረ ዘይት የተማሩ አንድ ጡረተኛ መካኒክ አሉ። የዩክሬኑን ዜና በስልኬ ያነበብኩላቸው እኔ ነኝ። ስለ ኤፍ-16 ይገረማሉ ብዬ ነበር፤ አልተገረሙም። መነጽራቸውን አውልቀው በጋቢያቸው ጫፍ እየጠረጉ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ፦

"እነዚህ ሰዎች ሲሄዱ፣ ልጄ፣ ማንዋሉን ጥለውላቸው ነው የሚሄዱት?"